ሰባተኛው ክብ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ይዋስ።

ትርንጎ የምትባል ተማሪ ነበረች። መምህሯ «ርዝመቱ ስድሳ፣ ወርዱ አርባ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ካርቶን፣ ዲያሜትራቸው ሃያ የሆነ ስንት ክቦች ይወጣሉ?» ብለው የቤት ሥራ ሰጡ። ትርንጎ የካርቶኑን ስፋት ለአንድ ክብ ስፋት አካፈለች፤ ሰባት ከምናምን መጣላት። አንድ ግቢ አብራት የምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ስመኝ ግን ስድስት ብላ ጽፋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ወጥታ የምታስረዳው ይህችው ስመኝ ናት፤ ትርንጎ በቅናት ድብን ብላለች። «ዛሬ ሰባቱንም ቆርጬ ነገ እኔ እወጣለሁ!»

«መቀስ፣ መቀስ፣ ካርቶኑን ቁረጥልኝ።»

«አልቆርጥም! የምለፋው እኔ፣ የሚመሰገነው ኮምፓስ።»

«ሞረድ፣ ሞረድ፣ መቀስን ሞርደው፤ መቀስ ካርቶን አልቆርጥም አለ።»

«አልሞርድም! እሱ ሲያብለጨልጭ እኔ ጠቁሬ መቅረቴ አንሶ፣ ጭራሽ ላሳምረው?»

«መዶሻ፣ መዶሻ፣ ሞረድን ስበረው፤ ሞረድ መቀስን አልሞርድም አለ፤ መቀስ ካርቶን አልቆርጥም አለ።»

«አልሰብርም! እሱ ቢሰበር አገር ያለቅስለታል። እኔ ስወላልቅ ማን አለቀሰልኝ?»

«እሳት፣ እሳት፣ መዶሻን አቃጥለው፤ መዶሻ ሞረድን አልሰብርም አለ፤ ሞረድ መቀስን አልሞርድም አለ፤ መቀስ ካርቶን አልቆርጥም አለ።»

«አላቃጥልም! መዶሻን ሁሉም ይጨብጠዋል። እኔን በእጁ የነካኝ ማን አለ?» ማን ይንካው እንግዲህ!

ትርንጎ ወደ ጀሪካኑ ሮጠች። «ውሃ፣ ውሃ፣ እሳትን አጥፋው፤ እሳት መዶሻን አላቃጥልም አለ፤ መዶሻ ሞረድን አልሰብርም አለ፤ ሞረድ መቀስን አልሞርድም አለ፤ መቀስ ካርቶን አልቆርጥም አለ።»

«አላጠፋም! እሳትን ከበው ያወጋሉ፤ እኔን ጠጥተው ይሄዳሉ። ጠዋት ስትቀዳኝ ‹አይዞህ ውሃዬ› ያለችኝ ስመኝ ብቻ ናት። እሷ ካዘዘችኝ እሺ።»

ስመኝ! ትርንጎ እሷን ከምትለምን አመድ ብትቅም ይሻላት ነበር። ምን ታድርግ፣ ጉዳይ አንገት ያስደፋል።

«ስመኝዬ፣ እባክሽ ውሃን እዘዢልኝ፤ ውሃ እሳትን አላጠፋም አለ፤ እሳት መዶሻን አላቃጥልም አለ፤ መዶሻ ሞረድን አልሰብርም አለ፤ ሞረድ መቀስን አልሞርድም አለ፤ መቀስ ካርቶን አልቆርጥም አለ።»

«ለዚህ ነው እንዴ? በል ውሃዬ፣ ተነስ!» አለች ስመኝ።

ውሃ ተነሳ። እሳት «ኧረ አቃጥላለሁ!» አለ፤ መዶሻ «ኧረ እሰብራለሁ!» አለ፤ ሞረድ «ኧረ እሞርዳለሁ!» አለ፤ መቀስም ቀጭ ቀጭ እያለ ካርቶኑን ቆረጠ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው የለም። የተረፈው ጫፉ የሾለ ቁርጥራጭ ነው፤ ቢደመር ከአንድ ክብ ይበልጣል፣ ክብ ግን አይሆንም። ትርንጎ ልትገጣጥመው ስትታገል ላቧ ወረደ።

«እኔም መጀመሪያ አካፍዬ ሰባት ብዬ ነበር» አለች ስመኝ። «በኋላ ቆርኪ ደርድሬ ሳየው ሰባተኛው መግቢያ አጣ።»

ደግነቷ ትርንጎን ይባስ አንገበገባት። ሰባትን ሰርዛ ስድስት ብላ ጻፈች። ከዚያ ደብተሯን በክንዷ ጋርዳ፣ «አትገልብጪ!» አለቻት።