መጮህ የተወች ዶሮ

ተረት አለኝ፤ እናንተም ጆሮ አለን በሉ።

አንዲት ዶሮ ነበረች። ጫጩት በፈለፈለች ቁጥር ጭልፊት እየወረደ ይነጥቅባት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ትጮህ፣ ላባዋ እስኪረግፍም ትታገል ነበር፤ ልጆቿ ግን አልተረፉላትም። ኋላ ላይ የጭልፊቱን ጥላ ስታይ አንገቷን ደፍታ ዓይኗን መጨፈን ለመደች።

ጎረቤቷ ቆቅ ይህን አይታ፣ «እሜቴ ዶሮ፣ ምነው ልጆችሽን አትጠሪም?» አለቻት።

«ስንቴ ጮኼ ማንን አተረፍኩ ብለሽ ነው፣ እህቴ?» አለች ዶሮ።

ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ጥላው መሬቱ ላይ አረፈ። ዶሮ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ቆቅ ግን ጮኸች፤ ጫጩቶቹም ተንጋግተው ክንፏ ሥር ገቡ። ጭልፊቱ ባዶውን ተመለሰ።

ዶሮ ዓይኗን ስትገልጥ ልጆቿን ከባዳ ክንፍ ሥር አየቻቸው። ያን ቀን ጭራ ልታበላቸው እንኳ አፈረች።

በማግስቱ ጭልፊቱ ዳግመኛ መጣ። ዶሮ እንደ ምንም ብላ ጮኸች። ጫጩቶቹ ግን የእናታቸውን ጩኸት ሰምተው አያውቁምና ዞረው ቆቅን ፈለጉ። ዶሮ መሬት ብትውጣት በወደደች። ቢሆንም ክንፏን ዘርግታ፣ ድምጿ እስኪሰነጠቅ ደግማ ጮኸች።

ይሄኔ ትንሿ ጫጩት ቆም አለች። «ይቺስ እናታችን ናት!» ብላ ወደ እሷ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት ክንፏ ሥር ገቡ። ጭልፊቱም ዳግመኛ ባዶውን ተመለሰ።

ተረቴን ለእናንተ፣ ዳቦውን ለእኔ።