ሰባት ቤት የተቆጠረባት የምንጭ ሴት

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ከኋላ ያላችሁም ስሙ። ድሮ፣ ሰውና ስውር ከአንድ ምንጭ በሚቀዳበት ዘመን፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አገር ይመኑ የሚባል ሰው ነበር። በዚያ አገር ስውሮች ብዙ ዓይነት ነበሩ። የዋርካው ስውሮች ከብት ወዳድ ናቸው፤ ዛፋቸው ሥር ያደረች ላም ጠዋት ታልባ ትገኛለች። የገደሉ ስውሮች የሰው ድምፅ ይወዳሉ፤ ለጠራቸው ሰው የገዛ ድምፁን ይመልሱለታል። የምንጩ ስውሮች ግን የሚወዱት ሰውን ራሱን ነው። ከሁሉም የሚያስፈራው ይኼኛው ነው፤ የፍቅር ጣጣው ብዙ ነውና።

ይመኑ ትውልድ ቆጣሪ ነበር። ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲሉ፣ እንዳይዛመዱ ሰባት ቤት ይቆጠር ይባላል፤ ያን ጊዜ የሚጠራው እሱ ነው። የማን አያት ከማን አጎት እንደሚወለድ ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። ይመኑ የማያውቀው ዘር ገና አልተፈጠረም ይሉት ነበር። እሱም ይህችን ውዳሴ ከጠጅ አብልጦ ይወዳት ነበር።

አንድ ቀን በቀትር ከሠርግ ሲመለስ፣ ምንጩ ዳር ነጠላ የምታጥብ ሴት አየ። ስሟን ቢጠይቃት አትጠገብ አለችው። የማን ልጅ እንደሆነች ቢጠይቃት ግን ነጠላዋን ማጠቧን ቀጠለች። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን መጣ። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አገባሃለሁ» አለችው። «ግን ማልልኝ። የአገሩን ዘር ሁሉ ቁጠር፤ የእኔን አትቁጠር። እኛ ስውሮች ስንቆጠር እንጎድላለን።»

ማለላት፤ ወሰዳትም። ቤቱ ሞላ፣ ላሞቹ ወለዱ፣ ጥሩዬ የምትባል ሴት ልጅም አገኙ። ይመኑ ሚስቱን ይወዳት ነበር፤ ይህን አልክድበትም።

ጥሩዬ ለወግ ደረሰች። አንድ ጎረምሳ ለጋብቻ የላካቸው ሽማግሌዎች ሊመጡ በዋዜማው አትጠገብ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ነገ የእኔን ዘር ይጠይቁሃል። አላውቅም በል። ልጁ ጥሩዬን ይወዳታል፤ ነገ ተቆጥተው ቢሄዱ እንኳ መልሶ ይልካቸዋል። ሀፍረቱ የአንድ ቀን ነው።»

እሺ አላት፤ እሺታውም ከልቡ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አትጠገብ የጠላ ገንቦዋን ይዛ ምሰሶው አጠገብ ቆመች፤ ነገሩ ሳያልቅ አይቀምሱምና። ይመኑ የጥሩዬን የአባት ወገን ቆጠረ፤ አጨበጨቡለት። ቀጥሎ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አባ ተገኝ የእናቲቱን ዘር ጠየቁ። ይመኑ ዓይኑን ወደ ምሰሶው መለሰ። አንዱ ሽማግሌ ሳቅ ብሎ፣ የአገሩን ዘር የሚቆጥር ሰው የሚስቱን አያውቅም እንዴ ቢል፣ ይመኑን ላብ አጠመቀው። ያን ጊዜ ብልጠቱ መጣ። የሐሰት ዘር ብቆጥር እሷን ቆጠርኩ አይባልም፣ ብሎ አሰበ።

«አትጠገብ የእንዳላማው ልጅ ናት» አለ። አንድ ቤት ተቆጠረ፤ ጥላዋ ከግድግዳው ጠፋ።

«እንዳላማው የጫኔ።» ሁለት ቤት ተቆጠረ፤ አምባሯ መንሿሿቱን ተወ። «ጫኔ የውበቱ።» ሦስት ቤት ተቆጠረ፤ የነጠላዋ ጥለት ነጣ። ሽማግሌዎቹ የይመኑን አፍ እንጂ ምሰሶውን የሚያይ አልነበረም። ይመኑ ግን አየ። አየና ሊያቆም ሲል፣ ወይ አንደበት፣ አሉት። አራተኛውን ቆጠረ፤ አምስተኛውን ቆጠረ፤ ስድስተኛውን ቆጠረ። ከአትጠገብ የቀረው ገንቦውን የያዘው እጇ ብቻ ነበር።

ይመኑ ቆጠራውን ገታ።

«ሰባተኛውስ፣ አያ ይመኑ?» አሉ አባ ተገኝ። «ወይስ እዚህ ላይ አለቀብህ?»

እጇን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ። አላውቅም የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው ደርሳ ነበር። ዋጣትና ሰባተኛውን ስም ጠራ።

«ዘሯ ንጹሕ ነው፤ ዝምድና የለም» አሉ አባ ተገኝ ደስ ብሏቸው። «በሉ እናቲቱን ጥሯትና ልጇን ትመርቅልን።»

ጥሩዬ ከጓዳ ወጥታ እናቷን ፈለገች። ገንቦው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ሴት ያየ የለም።

ይመኑ ወደ ምንጩ ሮጠ። ውሃው ጎድሎ ከጉልበት በታች ሆኖ ጠበቀው። ስሟን ቢጣራ ገደሉ የገዛ ድምፁን መለሰለት። ጥሩዬ ያለ እናት ምርቃት ተዳረች። ዕድሜውን ሁሉ ትውልድ ቁጠርልን ብሎ ለመጣ ሰው፣ ይመኑ አላውቅም እያለ መለሰ። ያችን ቃል ያን ጊዜ ለመዳት፤ የምትሰማው ሚስቱ ግን አልነበረችም።

እኔም ከአያቴ የተቀበልኩትን ለእናንተ አስረከብኩ። እሳቸውም ሲጨርሱ እንዲህ ይሉን ነበር፦

አላውቅም ማለት ያፈረ፣ ያወቀውን አጥቶ ቀረ።