ተኝቼ ነው ወይስ ነቅቼ?

ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር የቀረውን የመሥሪያ ቤት ዘበኛ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው ኃላፊ በር ላይ ሲያንጎላጅ ያዘው። ወዲያው ሠራተኛውን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበና፣ «ጥፋተኛ ጡረታ የለውም! ‹ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሥራዬ ላይ ስተኛ ኖሬአለሁ› ብለህ ጻፍና ፈርም!» ብሎ አፈጠጠበት።

ዘበኛው ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በትሕትና ተቀበለ።

«እፈርማለሁ ጌታዬ፤ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ። ባለፈው ሰኔ የመሥሪያ ቤቱ ሲሚንቶ ለእርስዎ ቪላ ተጭኖ በዚህ በር ሲወጣ፣ ተኝቼ ነበር ልበል ወይስ ነቅቼ? ተኝቼ ነበር ካልኩ የኔ ጡረታ ይቀራል። ነቅቼ ነበር ካልኩ ግን የእርስዎም አብሮ መቅረቱ ነው።»