የሸንበቆ ምንጭ አውጫጭኝ

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ተረት አለች። ሰው ሁሉ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወዲያው ደግሞ ተረቷ እንዳልተተረተች ሆና እስከ ምሳ ሰዓት ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል። ባለፈው ክረምት የመጡ አሠልጣኝ የቀበሌያችንን ሰው በቡድን በቡድን ከፋፍለው «በሉ ችግራችሁን ለዩ» ሲሉን፣ እኔ በሳቅ ልፈነዳ ነበር። አጎቴ የነገሩኝ የሸንበቆ ምንጭ ሰዎች ትዝ ብለውኝ ነው። ያቺ ተረት የመጣችው ከእነሱ ነው፤ ቢያንስ አጎቴ እንዲህ ይላሉ።

ሸንበቆ ምንጭ መንደሩም ምንጩም አንድ ስም ነው። አንድ ሰሞን ያ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ምንጭ ደፈረሰ። ጧት የቀዳም ጭቃ፣ ማታ የቀዳም ጭቃ ይዞ ይመለሳል። ነገሩ ከሁሉ የከፋው በትርንጎ ነበር። ትርንጎ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አንዲት ልጇን ለመዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጋኑ በወይራ ታጥኗል፤ የጠፋው ውሃ ብቻ ነው። አማቾቿ ከጠላው ተጎንጭተው አሸዋ ሲያላምጡ፣ ልጇም ዕድሜ ልኳን «የጭቃ ጠላ ልጅ» ስትባል ይታያታል።

ያኔ የመንደር ሹም «ጭቃ ሹም» ይባል ነበር። የሸንበቆ ምንጩ ጭቃ ሹም ጓንጉል፣ ሹመቱንም አንዲት አዲስ በቅሎም ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው።

«አውጫጭኝ ይደረግ!» ብለው አዘዙ።

አውጫጭኝ ሲባል አባወራው እማወራው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ያየ ሰው ካለ ለሽማግሌ በጆሮ ይነግራል፤ ሽማግሌው ቆሞ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም፤ ሕግ ነው።

ጭቃ ሹሙ ጥላ ስለሚወዱ ጉባኤው ከምንጩ ዓይን አጠገብ፣ ከሾላው ሥር ሆነ። እርሳቸው ጀርባቸውን ለምንጩ ሰጥተው ተቀመጡ። ሕዝቡ ፊቱን ወደ እርሳቸው አዙሮ፣ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ቀን አንዱ «እንቁራሪት ነው ያደፈረሰው» አለ። መንደሩ በሙሉ ሱሪውን ሰብስቦ እንቁራሪት ሲያባርር ዋለ። በማግስቱ ውሃው ብሶበት አደረ።

በሁለተኛው ቀን ሌላው «ምንጩ ተቆጥቷል፤ ገብስማ ዶሮ ይፈልጋል» አለ። ገብስማ ዶሮ ታረደ። ምንጩ ስላልበላው ጉባኤው በላው። ውሃው አሁንም ጭቃ ነው።

በሦስተኛው ቀን «ከታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው!» ተባለ። ይህን ሲሰሙ ጭቃ ሹሙ ደስ አላቸው።

«በቃ ተገኘ! ማጠብ ክልክል ነው!»

ትርንጎ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ጌታዬ፣ ውሃ ከታች ወደ ላይ መፍሰስ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች።

«አንቺ ሴት፣ አርፈሽ ተቀመጪ! በዚህ አገር ጭቃን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም!»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች ትርንጎ። ሰው ሁሉ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

ያን ዕለት ጉባኤው ሲበተን ትርንጎ ወደ ሽማግሌው ወደ አያ ቢተው ጠጋ ብላ፣ በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አለች። አያ ቢተው ረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ፈርተዋል፤ ማን አይፈራም? ግን የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቅሯል፣ ሠርጉም እየደረሰ ነው።

በአራተኛው ቀን ጧት ተነሡ። «ወፍ መጥታብኝ ነበር» አሉ።

«ምን አለች?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ጥያቄ ነው ያላት። ውሃው ለምን ደፈረሰ ትላለች።»

«ጭቃ ገብቶበት ነዋ!»

«ጭቃውስ ከየት መጣ?»

«ከላይ ነው እንጂ ከየት ይመጣል?»

«ላይ ማን አለ?»

«እኛው አለን። ጉባኤው።»

«ከጉባኤው በላይስ?»

«ከጉባኤው በላይማ እኔ ብቻ ነኝ!» አሉ ጭቃ ሹሙ ደረታቸውን ነፍተው።

«ከእርስዎስ በላይ?»

ጭቃ ሹሙ መጀመሪያ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ግራ ገብቷቸው ዞር አሉ። ያቺ አዲስ በቅሎአቸው ኮርቻዋ ሳይወርድላት የምንጩ ዓይን ውስጥ ገብታ፣ አራት እግሯን ሽቅብ ሰቅላ ትንከባለላለች።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ፍርፍር ብለው ሳቁ፤ ጉባኤው ተከተላቸው።

«ይህችን ወፍ አምጡልኝ!» ብለው ጮኹ ጭቃ ሹሙ።

«ወፍ አትጠየቅም» አሉ አያ ቢተው። «ሕጉን የሚያስከብሩት እርስዎ ነዎት።»

«በቅሎዬ እኮ ነገር ዐዋቂ ናት! ሌላ የነካው ውሃ አትጠጣም። ለዚህ ብዬ ነው በየጧቱ ከዓይኑ የማጠጣት!»

ሲናገሩት ለራሳቸውም ተሰማቸውና ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። ሽማግሎቹ መክረው ፈረዱ፤ ምንጩን ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ይጥረጉ፤ ሲጠራም የትርንጎን የጠላ ውሃ በቅሎዋ ታመላልስ ተባለ። በቅሎዋ ከምንጩ በታች ታስራ፣ ምንጩ ተጠርጎ በማግስቱ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። ትርንጎ እንስራዎቿን በበቅሎዋ ላይ ስታስጭን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልቅሳለች።

ጭቃ ሹሙ እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተው ልጓሙን እንደያዙ አያ ቢተውን ጠየቁ። «ለመሆኑ እንቁራሪት ስናባርር፣ ዶሮ ስናርድ፣ ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል?»

«እናውቅ ነበር፤ ፈርተን ነው ከዳር ከዳር የዞርነው» አሉ አያ ቢተው። «ከእርስዎም ከእኛም በቅሎዋ ትሻላለች፤ እርሷስ በዳር በዳር አልዞረችም፣ በቀጥታ ከዓይኑ ሄደች። እኛም ከእንግዲህ እንልመድ ጌታዬ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!»