የአስካለ ገመድና የጋሽ ውብነህ በሬ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ችኩል የሆነ ደግሞ መንገዱን ይቀጥል፤ ይህ ወሬ አንድ ነገር ደጋግሞ ማለት ይወዳል።

የዋሻ አፋፍ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን አንዳንዴ ያናድደኛል። የተሰጣቸውን እኩል ካልተካፈሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አምና ገደል መውጣት የሚያስተምሩ አሠልጣኞች መጡና አምስት ቀን ቆይተው፣ ሲሄዱ አንድ ቦርሳ ዕቃ ለመንደሩ ተዉለት። ረጅም ገመድና አራት ካራቢነር። ካራቢነር ማለት አፉ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ገመድ የሚገባበት የብረት ቀለበት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ቦታ ተሰቅሎ ይቀመጣል። እነሱ ግን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው ዕጣ አወጡበት። ገመዱ ለደርበው ደረሰ፤ አራቱ ቀለበት ለአራት ቤት። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አስካለ ከአፋፉ በታች ወዳለው ምንጭ ወረደች። የመንደሩን ውሃ የምትጠብቅ እሷ ናት፤ የተነቀለ ቧንቧ ልታስገባ ነው። ቧንቧውን አስገብታ ቀና ስትል የወረደችበት የእንጨት መሰላል ከሥሩ ተነቅሎ ገደል ገባ። የቆመችበት ድንጋይ የአንድ አልጋ ስፋት የለውም። ተራራው ደግሞ ጠቁሯል፤ እዚያ ከዘነበ ጎርፉ የሚወርደው በዚያችው ድንጋይ ላይ ነው። አስካለ ይህን ታውቃለች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ወደ ላይ መውጣት።

ደርበው የዚያ የአምስት ቀን ሥልጠና ተማሪ ነበረና ጩኸቷን ሲሰማ ገመዱን ይዞ ደረሰ። አንዱን ጫፍ አፋፉ ላይ በተቀበረው የብረት ችንካር አሰረ፤ ሌላውን ጣለላት። ወገቧን አሰረችበት።

«መውጣቱን እወጣዋለሁ፤ አንተ ገመዱን እየሰበሰብክ ካዳለጠኝ ያዘኝ» አለች ከታች።

«በእጄ ብቻ አልችልሽም» አላት። «ችንካሩ ላይ እንዳላዞረው ደግሞ ጠርዙ ስለት ነው፤ ገመዱ ሲንሸራተት ይበላዋል። ቀለበት እስኪመጣልኝ እንዳትነቃነቂ።»

ታናሽ እህቷ ብርቄ ከሦስት ቤት ሦስት ቀለበት ለቅማ መጣች። ደርበው አንደኛውን አየና ወዲያ አደረገው። «ይኼ የቁልፍ መያዣ ነው፤ ሰው አይሰቀልበትም።» ሁለተኛውን ከፍቶ ዘጋው። «የዚህ አፍ አይቆለፍም፤ ገመዱ ሲገላበጥ ይከፍተዋል።» ሦስተኛው የሚያብረቀርቅ፣ ከሁሉ የሚያምረው ነበር፤ ብርቄ በእሱ ተማምናለች። «ይኼ በሥልጠናው ጊዜ ከእጄ አምልጦ ገደል የወደቀው ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው፣ እያት።» ከዚያ ጠየቃት፤ «ሰፊው፣ አፉ እንደ ብሎን እየዞረ የሚቆለፈው የማን ነው?»

«የጋሽ ውብነህ።»

«እሱ ነው የሚሆነኝ። ሩጪ።»

ጋሽ ውብነህ በቀለበቱ በሬ አስሮበታል። በሬውም እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም።

«ልጄ፣ አስካለ ለእኔም ልጄ ናት» አላት። «ግን ይህ በሬ ተዋጊ ነው። ቋጠሮ ይፈታል፣ ገመድ ይበጥሳል። ብለቀው እነዚያን ሜዳው ላይ የሚጫወቱትን ሕፃናት ይፈጃቸዋል። ሰንሰለት አምጪና አሁኑኑ ውሰጂው።»

እንግዲህ ገመዱ ያለ ቀለበት አልይዛት አለ፤ ቀለበቱ ከበሬው አልላቀቅ አለ፤ በሬው ያለ ሰንሰለት አልታሰር አለ። አስካለም ከገደሉ ሥር ቆማለች። ከተራራው አንድ ጊዜ ነጎደ።

ሰንሰለት ያለው እትዬ አማከለች ቤት ነው። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ግን ውሻ አለ።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው ነክሶብኛል» አለች እትዬ አማከለች። «የእኔ ቤት በር እንደሆነ የሚደገፍ ቆርቆሮ ነው፣ በአፍንጫው ይገፋዋል። ደህና በር ያለው ክፍል አግኚለትና ሰንሰለቱን እኔው ፈትቼ እሰጥሻለሁ።»

እንግዲህ ገመዱ ያለ ቀለበት አልይዛት አለ፤ ቀለበቱ ከበሬው አልላቀቅ አለ፤ በሬው ያለ ሰንሰለት አልታሰር አለ፤ ሰንሰለቱ ከውሻው አልፈታ አለ፤ ውሻው ያለ ክፍል አልቀመጥ አለ። አስካለም ከገደሉ ሥር ቆማለች። ተራራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከመንደሩ ይታያል።

ደህና በር ያለው ክፍል በመንደሩ አንድ ነው፤ እዚያው አጠገብ ያለው የውሃ ኮሚቴው የዕቃ ክፍል። በሩ ብረት፣ ጓጉንቸሩ የጡጫ ያህል። ብርቄ ድንጋይ አንስታ መታችው፤ ድንጋዩ ተሰበረ። ያን ጊዜ ቁልፉ የት እንዳለ ትዝ አላት። ቁልፉ አስካለ አንገት ላይ ነው።

ወደ አፋፉ ተመልሳ እያለቀሰች ለደርበው በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። «ገመዱ ያለ ቀለበት አልይዛት አለ፤ ቀለበቱ ከበሬው አልላቀቅ አለ፤ በሬው ያለ ሰንሰለት አልታሰር አለ፤ ሰንሰለቱ ከውሻው አልፈታ አለ፤ ውሻው ያለ ክፍል አልቀመጥ አለ፤ ክፍሉ ያለ ቁልፍ አልከፈት አለ፤ ቁልፉ ያለ አስካለ አልመጣ አለ።»

 ቁልፉ ሊወጣ የሚችለው በገመዱ ነው፤ ገመዱ ደግሞ የአስካለ ወገብ ላይ ነው። ደርበው «ፍቺው» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አቃተው።

አስካለ ግን ከታች ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ማራስ ጀምሯል።

«ፈርቻለሁ፣ ደርበው» አለች። «ፈጠን በል።»

ከወገቧ ፈታችና ቁልፉን ቋጠረችበት። ገመዱ ሽቅብ ሄደ። አሁን አስካለን የያዛት ነገር የለም፤ ጀርባዋን ከግድግዳው ለጥፋ ቆመች። ደርበው ቁልፉን ለብርቄ ወርውሮ ገመዱን መልሶ ጣለ። ነፋስ ወሰደው፤ እጇ አልደረሰበትም። እንደገና ሰብስቦ ጣለ። ያዘችው። ጣቶቿ ረጥበው ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተበላሸባት፤ በሦስተኛው ጠበቀ።

ብርቄ እንዴት እንደሮጠች አትጠይቁኝ። ቁልፉ ክፍሉን ከፈተ፤ ክፍሉ ውሻውን ዋጠ፤ ውሻው ሰንሰለቱን ተወ፤ ሰንሰለቱ በሬውን አሰረ፤ በሬው ቀለበቱን ለቀቀ፤ ቀለበቱ ከችንካሩ ጋር ተያያዘ፤ ገመዱም በቀለበቱ ዞረ። ደርበው አፉን አዙሮ ቆለፈ። መቆለፉን በጣቱ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ «ነይ» አለ።

አስካለ መውጣት ጀመረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ እግሯ አዳለጣት፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ቀለበቱ ያዘ። ብርቄ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አስካለ እግሯን መልሳ አስደገፈችና ወጣች፤ ገና አፋፉ ላይ ተዘርራ ስትተነፍስ ጎርፉ ደረሰና ያቺን ድንጋይ ከነቧንቧዋ ሸፈናት።

«ዕጣ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ደርበው። አስካለ እጇን ዘረጋች። አራቱን ቀለበት ተቀበለች። የተሰነጠቀውን በመዶሻ ቀጠቀጠችው። አፉ የማይቆለፈውንና ሰፊውን ከነገመዱ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ለመስቀል ወሰነች፤ ውሻው ለመውጣት ፈቃደኛ ሲሆን። በትንሹ ቀለበት ቁልፉን አንጠለጠለችና ደርበው ደጃፍ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ምስማር ሰቀለችው። ለቁልፍ የተሠራው ቁልፍ ያዘ።

ይሄኔ ጋሽ ውብነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

«የእኔ ዕጣስ?» አለ።

አስካለ ጭቃ የለበሰ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ የአንተ ዕጣ ይኸው ፊትህ ቆማለች።»

ጋሽ ውብነህ አያት፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ወዲህ በዋሻ አፋፍ ሥጋ እንጂ ገመድ ዕጣ አይወጣበትም። የእኔም ወሬ እዚህ ተቋጠረ፤ መቆለፉን እናንተ ዳስሱት።