የዳምጠው አጭር ምናኔ

ታላቅ እህት የታናሿን ሹራብ ከሳጥን አውጥታ ለጓደኛዋ ስትለግስ፣ ወይም አንዱ በሰው ድግስ ላይ «ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ» እያለ ሲያጣድፍ፣ የጨፌ በር ሰዎች እርስ በርስ ተያይተው አንድ ነገር ይላሉ። ከዚያ ይስቃሉ። እንግዳ ሰው አባባሉ ዝም ብሎ ከሰማይ የወደቀ ይመስለዋል። አልወደቀም። የመጣው ከአንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ከአንድ ዋርካና ከአንዲት ዳለቻ ላም ነው።

ዘበኛው ዳምጠው ይባላል። ሥራው በር መክፈትና በር መዝጋት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰነፍም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ብቻ ሐሳብ ይይዘዋል። ንፍጣቸውን ሳይጠርጉ በእሱ በር የገቡ ልጆች ነርስ ሆኑ፣ ሹፌር ሆኑ፣ አንዱማ ጭራሽ ዳኛ ሆነ። እሱ ያው በሩ ላይ ነው።

«ለመሆኑ እኔ የተፈጠርኩት የበር ማጠፊያ ልሆን ነው?» አላት አንድ ቀን ሚስቱን ይመኙሻልን።

«ማጠፊያ እንኳ ዘይት ሲቀቡት ዝም ይላል። ና ብላ» አለችው።

በላ። ሐሳቡ ግን አልለቀቀውም።

ያኔ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሴይሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ስሙ ጉናዋርደና ነው፤ አገሬው የሚያውቀው ተራራ ስላለ «ሚስተር ጉና» ብሎ ገላገለው። ሃይማኖቱ የቡድሃ ነው። አማርኛም ይችላል፤ ከአክብሮቱ ብዛት ግን ሰውንም ውሻንም «እርስዎ» ነው የሚለው። የግቢውን ውሻ «እባክዎ ያሳልፉኝ» ሲለው ተማሪው በሳቅ ይንፈራፈራል።

አንድ ሐሙስ፣ ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ዳምጠው ተጠጋው።

«ሚስተር ጉና፣ እናንተ አገር ሰው ለምን እንደሚኖር ይታወቃል?»

ሚስተር ጉና ጠመኔውን አስቀመጠ። «አንድ ልዑል ነበሩ» አለ። «ቤተ መንግሥት ነበራቸው፣ ፈረስ ነበራቸው፣ ሚስትና ልጅ ነበራቸው። ግን ልባቸው አላረፈም። ሰው ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ምንድነው አሉ። ሁሉን ትተው ወጡ። በመጨረሻ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ የእናንተን ዋርካ የሚመስል ዛፍ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ተገለጠላቸው፤ ልባቸውም አረፈ።»

«ሁሉን ትተው?»

«ሁሉን። ግን ዳምጠው፣ መሃሉን ገና አልነገርኩዎትም። መሃሉ ላይ...»

ዳምጠው መሃል ምን ያደርግለታል? ዋርካ ከሰፈሩ አጠገብ አለ። መተው ደግሞ ምን ይከብዳል? በሩን ቆልፎ፣ ሚስተር ጉናን ከነመሃሉ ግቢ ውስጥ ዘግቶበት፣ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ይመኙሻል ልጇን አዝላ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ዳምጠው ቤቱ መሃል ቆሞ የሚተወውን መፈለግ ጀመረ። ቤቱን የሠሩት የይመኙሻል አባት ናቸው። አልጋው ከእናቷ የመጣ ነው። ጋቢውን ሊተው አወለቀ፤ ብርድ ሲነካው መልሶ ለበሰው። ዱላውን እንዳይተው መንገድ ላይ ውሻ አለ። ልዑሉ እኮ ፈረስ ነበራቸው! ሰው ሳይኖረው እንዴት ይመንናል?

ከጓሮ ዳለቻ ታመነዥካለች። ዳለቻ ይመኙሻል ከአባቷ የወረሰቻት ላም ናት። የይመኙሻል ጡት ከደረቀ ወዲህ ትሁን የምትባለው ሕፃን ልጃቸው የምታድገው በላሟ ወተት ነው። ዳምጠው ይህን አላጣውም። ግን የማያምህን ነገር ብትተው ምኑን ተውከው? ልዑሉስ የሚሳሱለትን ትተው አይደል የወጡት? ገመዷን ፈታ።

መንገዱ ላይ ከብት ነጋዴው ባዬ መንጋውን ለቅዳሜ ገበያ እየነዳ ያልፍ ነበር።

«ይችን ላም ውሰዳት» አለው ዳምጠው።

«ስንት ትላለህ?»

«ምንም።»

ባዬ ላሚቱን ዞሮ አያት። «ታማለች?»

«ጤነኛ ናት። ትቻት ነው።»

«እህ፣ ስለት ነው በለኛ!»

«እንደሱ በለው።»

«ስለትማ እምቢ አይባልም። እግዜር ይቀበልህ» ብሎ ባዬ ከመንጋው ቀላቀላት።

ዳምጠው ዋርካው ሥር ሄዶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የመጣው ጉንዳን ነው፤ ጉንዳኑን ቻለው። የመታለቢያው ሰዓት ሲደርስ ግን ከቤቱ በኩል የዳለቻ ጥጃ «እምቧ!» አለ። ዳምጠው ዓይኑን ጠበቅ አድርጎ ጨፈነ። ጥጃው ደገመ። ከጥጃው ድምፅ ላይ የሕፃን ልቅሶ ተጨመረበት፤ ልቅሶው ደግሞ እየቀረበ መጣ።

«ዳለቻ የት አለች?» አለች ይመኙሻል ፊቱ ቆማ።

«ተውኳት።»

«ምን?»

«ዓለምን ትቻለሁ።»

«ዓለምን ተዋት፣ ማን ከለከለህ! ላሜን የት አደረስካት?»

ነገራት። ልጅቷን ከጀርባዋ ፈትታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ፣ ይችንም ተዋት። ዋርካው ያጥባት።»

ነጠላዋን አሸርጣ የከብቱን ኮቴ ተከትላ ሄደች።

ትሁን አባቷን አየችው። ጣቱን ያዘችና ጠባች። ምንም እንደማይወጣው ስታውቅ ተፋችውና አፏን ከፍታ አለቀሰች። ዳምጠው በሕይወቱ ብዙ አስቧል፤ ያን ያህል ጥርት ብሎ የገባው ነገር ግን አልነበረም። ልጁ ርቧታል።

ይኸኔ ሚስተር ጉና ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ እያነከሰ ደረሰ።

«ዳምጠው፣ ቆልፈውብኝ ሄዱ። አጥር ዘለልኩ።»

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። መሃሉ ምን ነበር?»

«መሃሉ ላይማ ልዑሉ ጾመው ጾመው አጥንታቸው ተቆጠረ። ሊሞቱ ሲሉ አንዲት ሴት በወተት የተቀቀለ ሩዝ ሰጠቻቸው። ያን በልተው ነው ጉልበት አግኝተው ዛፉ ሥር የተቀመጡት።»

«በወተት?»

«በወተት።»

«በላም ወተት?»

«ታዲያ በምን ይሆናል?»

ዳምጠው ልጁን አቅፎ ሮጠ።

ባዬን ከብቱን ውሃ ሲያጠጣ፣ ይመኙሻልን ደግሞ የዳለቻን ቀንድ ይዛ አገኛቸው። ባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «ስለት ነው ብሎኝ ተቀብያለሁ። በገዛ እጄ መልሼ ልቀሰፍ?» ብሎ ድርቅ አለ። ቢሆንም ዳለቻን አልባ ልጅቷን እንድታጠጣ ለይመኙሻል ፈቀደላት። ነገሩን ለሽማግሌ ሊሰጡ ተስማሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የተሰየሙት እዚያው ዋርካ ሥር ነው። አያ እንግዳሸት ዳኛ ሆኑ።

«ዳምጠው፣ ላሟ የማን ናት?»

ዳምጠው መሬት መሬት አየ። «የይመኙሻል።»

«አንቺስ ይመኙሻል፣ ተስለሻል?»

«እኔ የተሳልኩትማ ይሄ ሰውዬ ልብ እንዲገዛ ነው። እሱም ገና አልደረሰልኝም።»

ዋርካው ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ዳምጠውም ሳይወድ ሳቀ።

«ባዬ ልጄ» አሉ አያ እንግዳሸት፣ «በሰው ላም ስለት የለም። አትፍራ፣ መልስ።»

«እሺ አባቴ፣ እመልሳለሁ። ግን መንገዴን አስፈታኝ፤ ባዶ እጄን ልሂድ?»

«የራሱ የሆነ ነገር ካለው ይካስህ።»

ዳምጠው ወደ ራሱ ተመለከተ። ጋቢውን የፈተለችው ይመኙሻል ናት። ዱላውን ሰጠ። ትንሽ ጨክኖ ነው የሰጠው፤ የዚያ ሰፈር ውሻ ተናካሽ ነው።

ይመኙሻል ዳለቻን እየሳበች ከፊት፣ ዳምጠው ትሁንን አዝሎ ውሻ ውሻውን እየገላመጠ ከኋላ ሲሄዱ፣ ሚስተር ጉና ዳር ቆሞ አያቸው።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው?» አላቸው አያ እንግዳሸትን። «የነገርኳቸው ታሪክ እኮ ደግ ነበር።»

«ታሪክዎስ ደግ ነው፣ የእርስዎ አገር ልዑል የተዉት የራሳቸውን ነውና» አሉ አያ እንግዳሸት፤ «የኛው ግን የሚተወው ቢያጣ፣ የሚስቱን ላም አወጣ።»