ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ፔጆ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቸኩያለሁ የሚል ካለ ከአሁኑ ይውረድ፤ ይህ ተረት በየፌርማታው የሚቆም ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ የድሮ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። ሰማያዊ ፔጆ ነበረቻቸው። ሚስታቸው እትዬ አስካለ የታመሙ ዕለት እየከነፉ መጡና መኪናዋን ከቤቱ ጀርባ፣ አፍንጫዋን ከግድግዳው አስጠግተው አቆሟት። "ነገ አወጣታለሁ" ብለው ነበር። ነገ የት አለና! በሕመሙ ሰበብ ሞተሯም ተሸጠ፣ ጎማዎቿም ተሸጡ። እትዬ አስካለም አልቆዩ። ፔጆዋ ሆዷ መሬት ነክቶ ቀረች፤ ጋሽ ዘርጋውም ከእሷ ጋር ቀሩ።

ሲመሽ ገብተው መሪዋን ይዘው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ብሎኬት ነው። ብሎኬት እንዴት አመሹ አይል፣ ብሎኬት ወዴት ነው አይል። ሰው ናፈቃቸው፣ በቃ።

"ምን አለ አንቺ፣" አሏት አንድ ቀን፣ "ከበሩ አጠገብ ሆነን መንገዱን ብናይ? መሄዱስ ይቅርብን።"

የፈለጉት ይህችን ብቻ ነው። ወርደው ገፏት። ንቅንቅ አላለችም።

ጎሚስታው ሙኽታር ዘንድ ሄዱ። "የኔ ልጅ፣ ክሪክህን አምጣና ፔጆዬን አንሳልኝ።"

"ወላሂ ጋሽ ዘርጋው፣ ለእርስዎ ምን የማላደርገው አለ! ግን ክሪኬ ያውና፣ አይሱዙውን ተሸክሞ ቆሟል። አይሱዙው ካልወረደ አይወጣም።"

አይሱዙው አይወርድ፣ ሙኽታር ክሪክ አያመጣ፣ ፔጆዋ ፊቷን አታዞር።

ወደ አይሱዙው ሾፌር ዞሩ። "ፋዘር፣ ባሌስትራው ተሰብሯል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሽንኩርት ጢም ብሏል። ሳይራገፍ ላውርደው? ጉድ ልታደርጉኝ ነው!"

ሽንኩርቱ አይራገፍ፣ አይሱዙው አይወርድ፣ ሙኽታር ክሪክ አያመጣ፣ ፔጆዋ ፊቷን አታዞር።

ጫኝና አውራጆቹ ጥላ ስር ተጋድመዋል። "የት እናራግፈው ጋሼ? አናታችን ላይ? የወይዘሮ ፈትለወርቅ መጋዘን እንደሆነ መርፌ መጣያ የለውም።"

ወይዘሮ ፈትለወርቅ የጋሽ ዘርጋው የግድግዳ ጎረቤት ናት። "ምን ላድርግ ጋሼ? የእድሩ ድንኳን፣ ብረቱ፣ አግዳሚው፣ ሁሉም እኔው ጋ ተከምሯል። የእድሩ ዳኛ ካላወጡት የት ልጣለው?" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተቀመጡ እንኳ አላለቻቸውም።

ድንኳኑ አይወጣ፣ መጋዘኑ ባዶ አይሆን፣ ሽንኩርቱ አይራገፍ፣ አይሱዙው አይወርድ፣ ሙኽታር ክሪክ አያመጣ፣ ፔጆዋ ፊቷን አታዞር።

የእድሩ ዳኛ አቶ መንገሻ ደግሞ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከደንብ ውልፍት ያላሉ ሰው! "ጥሩምባ ሳይነፋ ድንኳን? አንዲት ካስማ አትነቃነቅም፤ ደንብ ነው!" አሉና በሩን ዘጉ።

የቀረው ጥሩምባ ነፊው ደግፌ ነው።

"ማን ሞተ?" አለ ደግፌ ገና ሲያያቸው።

"ኧረ ማንም አልሞተ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልንፋ?"

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ደግፌ ጥሩምባ አይነፋ፣ ዳኛው ድንኳን አያወጡ፣ መጋዘኑ ባዶ አይሆን፣ ሽንኩርቱ አይራገፍ፣ አይሱዙው አይወርድ፣ ሙኽታር ክሪክ አያመጣ፣ ፔጆዋ ፊቷን አታዞር።

ጋሽ ዘርጋው ደክሟቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ደግፌ፣ እኔ የሞትኩ እንደሆነ ትነፋልኛለህ?"

"ምን ማለትዎ ነው! ጉንጬ እስኪያብጥ ነዋ!"

"ማን ይመጣል?"

"ሰፈሩ በሙሉ።"

"እኔ እኮ አላየውም" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "ያን ሁሉ ሰው እኔ አላየውም። አስካለ የሞተች ጊዜ ድንኳኑ ሲነሳ ሰዉም አብሮ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን የረገጠ የለም። ብቻዬን ነኝ፣ ደግፌ። እባክህ፣ ሳልሞት ንፋልኝ።"

ደግፌ ብድግ አለ። ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አውርዶ በእጅጌው ጠረገ፣ ወደ ጋሽ ዘርጋው ደጅ ሄዶ ነፋ።

አቤት የመጣው ሰው! ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ "ወይኔ ጋሽ ዘርጋው!" እያለ ጎረፈ። ጋሽ ዘርጋው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ልቅሶው ጸጥ አለ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ አቶ መንገሻ።

"ማንም። ፔጆዬን እንድታዞሩልኝ ብዬ ነው፤ ይቅር በሉኝ።"

"በእድር ጥሩምባ!" ብለው ጮኹ አቶ መንገሻ። "ይህ ነውር ነው!"

"ነውሩስ የኔ ነው" አለች ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ እንባዋ ገና አልደረቀም። "አሁን ሞቱ ብዬ ደረቴን ስደቃ መጣሁ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ በቁማቸው አንድ ቀን እንዴት አደሩ ብያቸው አላውቅም።"

ሁሉም አንገቱን ደፋ። አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼስ ጥሩምባው ተነፍቷል። ጥሩምባ ከተነፋ ድንኳን ይወጣል። ደንብ ነው።"

ድንኳኑ ወጣ፣ መጋዘኑ ባዶ ሆነ፣ ሽንኩርቱ ተራገፈ፣ አይሱዙው ወረደ፣ ሙኽታር ክሪኩን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ፔጆዋ ከመሬት ተነሳች! የድንኳኑን ብረት ከሆዷ ስር ሰደው በትከሻቸው ተሸከሟት። ቀስ ብለው፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙረው ከበሩ አጠገብ አሳረፏት። ጋሽ ዘርጋው ከኋላ ከኋላ እያለቀሱ ተከተሉ።

ድንኳን ከወጣ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይቀመጡበት አይነሳም፤ እሱም ደንብ ነው። ተቀመጡ፣ አወሩ፣ ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ፤ ሰዉም ተበተነ።

ሲመሽ ጋሽ ዘርጋው ፔጆዋ ውስጥ ገብተው መሪዋን ያዙ። መንገዱ ጭር ብሏል። እንደ አስካለ ልቅሶ ጊዜ ነው፣ አሉ በሆዳቸው፤ ፈሩ።

የኋላው በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናት፣ ዘንቢሏን ይዛ።

"ጋሼ፣ እስከ ለገሀሬ ያደርሱኛል?"

ጋሽ ዘርጋው መስታወቱን ወደ እሷ አዞሩ። "ግቢ" አሉ። "ግን ይህቺ መኪና ቶሎ አትደርስም።"

"እኔስ መች ቸኮልኩ?" አለችና በሩን ዘጋች።

እነሱ እዚያው እያወሩ ነው። እኔ ግን ሰፈሬ ደርሻለሁ፤ ወራጅ አለ!